የናፍታ መኪና ሞተር ዘይት ሲጥል፦ ከመድፈን በፊት ምንጩንና ገፊውን መፈለግ

ከቃሊቲ በአቃቂ በኩል እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ካቢኑ ወደ ፊት ተገልብጦ ከሞተሩ ሥር ካርቶን የተነጠፈለት አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ማየቱ አይቀርም። የሹፌሩ ቅሬታ አጭር ነው፦ «ዘይት ይጥላል»። የሚሰጠውም መፍትሔ ብዙ ጊዜ የዚያኑ ያህል አጭር ነው፤ ዘይቱ የታየበት ቦታ ይፈታል፣ ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ገጾች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ወይም ፓራኦልዮው (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚዘጋው ቀለበት) ይቀየራል፣ ዳር ዳሩ ሲሊኮን ይቀባና መኪናው ይወጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው መኪና ያንኑ ቅሬታ ይዞ ሲመለስ፣ ጥፋቱ በተገዛው ዕቃ ላይ ይላከካል። ዕቃው በእርግጥ የማይረባ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ዘይት የታየበት ቦታና ዘይቱ የወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ዘይቱን ገፍቶ ያስወጣው ኃይል ሳይታወቅ የተቀየረ ፓራኦልዮም፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ብዙ አይቆይም።

በሞተር ውስጥ ያለው ዘይት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ከዘይት ፓምፑ ወጥቶ በፊልትሮውና በዘይት ማቀዝቀዣው አልፎ ወደ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች፣ ወደ ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ ወደሚገፋው ቱርቦ የሚሄደው ዘይት በግፊት የሚጓዝ ሲሆን፣ ሞተሩ ሞቆ በመደበኛ ፍጥነት ሲዞር ይህ ግፊት በአብዛኞቹ የጭነት መኪናዎች ከ3 እስከ 5 ባር (የግፊት መለኪያ) ይደርሳል። ሥራውን ጨርሶ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ወደ ታችኛው የዘይት ገንዳ የሚመለሰው ግን በራሱ ክብደት ብቻ የሚወርድ ነው። ከዚህ ሌላ ክራንክ ሻፍቱ እየተሽከረከረ የሚበትነው ዘይት በጭጋግ መልክ የሞተሩን ሆድ፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ክፍል፣ ይሞላዋል። ይህ ልዩነት ለጥገና ትልቅ ትርጉም አለው። ግፊት ያለበት መስመር፣ ለምሳሌ የፊልትሮው መቀመጫ፣ የዘይት ግፊት መጠቆሚያው ወይም ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቱቦ፣ ከተከፈተ ዘይቱ ይረጫል፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነም ገንዳውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያራቁት ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው መኪና ለአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም። የቴስታታ ክዳን ወይም የዘይት ገንዳ ጓርኒሲዮን ሲደክም ግን መጀመሪያ ያልባል፣ ቀጥሎ ይንጠባጠባል፤ ይህም ለመመርመርና በዕቅድ ለመጠገን ጊዜ ይሰጣል።

ማላብና መንጠብጠብ አንድ አይደሉም። በጓርኒሲዮን ዳር አቧራ የያዘ ቀጭን የዘይት ወዝ ቢታይና የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የሚታይ ለውጥ ባይኖር፣ መከታተል እንጂ መፍታት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያለምክንያት የተፈታ ክዳን ከነበረበት ብሶ ሊገጠም ይችላል። የሚንጠባጠብ ዘይት ግን በቁጥር ሲሰላ የሚታሰበውን ያህል ጥቂት አይደለም። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚሆን፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል መኪና በ20 ሰዓት የሞተር ሥራ 72,000 ጠብታ፣ ማለትም 3.6 ሊትር ዘይት ያጣል። ወደ ጅቡቲ የሚደረገው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጉዞ ደግሞ ለከባድ መኪና ከዚህ ያነሰ ሰዓት የሚወስድ አይደለም። ገንዳው ከ20 ሊትር በላይ የሚይዘው ሲኖትራክ ይህን ያህል ቢጎድልበት ሊችለው ይችል ይሆናል፤ 10 ሊትር ገደማ ለሚይዝ አነስተኛ አይሱዙ ግን ሲሶውን ማጣት ማለት ነው።

ሌላው አደጋ እሳት ነው። መኪናው ጭኖ ከመተሐራ ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሲወጣ የቱርቦው የጭስ ወገን ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ከዚህ እጅግ ባነሰ ሙቀት ላይ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው በላይ ያለ ማንኛውም ፍሳሽ፣ ጠብታው ምንም ያህል ቢያንስ፣ ለነገ የሚባል አይደለም።

ምንጩን ፍለጋ የሚጀምረው ከማጽዳት ነው። የራዲያተሩ ማራገቢያና የጉዞው ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይነዱታል፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ ታች ይስበዋል፤ በዚህም ምክንያት ከፊት ለፊት ላይ የወጣ ዘይት ከኋላ ታች ላይ ይገኛል። ደንቡም ከዚሁ ይከተላል፦ ከሁሉ ከፍ ያለውንና ከሁሉ ወደ ፊት የቀደመውን እርጥብ ቦታ ማግኘት። ለዓመታት በተከመረ ዘይትና አቧራ ላይ ይህን ማየት ስለማይቻል፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቅባት በሚያነሣ ማጠቢያ መታጠብና ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። በየጋራዡ የተለመደው በናፍታ ማጠብ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ በየስንጥቁ የሚቀረው ናፍታ በኋላ እየወረደ አዲስ ፍሳሽ መስሎ ያሳስታል። ቤንዚን ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ዲናሞው፣ ሞተሪኖውና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹ በላስቲክ መሸፈን አለባቸው። ካቢኑ ሲገለበጥ የመቆለፊያው ብረት በትክክል መግባቱ፣ ጎማዎቹ ታኮ መደረጋቸው፣ ከሥር የሚገባ ሰው ካለም መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) መደገፉ ከሁሉ በፊት ይረጋገጣል።

ከታጠበ በኋላ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አስነሥቶ «አሁን አይጥልም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በብዛት የምንጠቀምበት 15ደብሊው40 ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለው ውፍረት በ100 ዲግሪ ካለው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። በቃሊቲ የኅዳር ማለዳ ላይ ከጓርኒሲዮኑ ጫፍ የማያልፈው ወፍራም ዘይት፣ አዋሽ ሲደርስ እንደ ውኃ ቀጥኖ ያልፋል። ስለዚህ መኪናው ቢቻል ጭነት ይዞ እስከ ቢሾፍቱ ደርሶ መመለስ፣ ከዚያም ወዲያውኑ ካቢኑ ተገልብጦ በጥሩ መብራት መታየት ይኖርበታል። የሚጠረጠረው ቦታ ላይ ነጭ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ቢነሰነስ፣ የመጀመሪያዋ የዘይት መስመር ከየት እንደ ጀመረች በጥቁር ጥለት ተስላ ትገኛለች። በዘይቱ ውስጥ ተጨምሮ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለምም አለ፤ ፓውደሩ ግን ርካሽ ነው፣ አብዛኛውንም ጊዜ ይበቃል።

የወጣው ነገር የሞተር ዘይት መሆኑም በእጅና በአፍንጫ መረጋገጥ አለበት። የናፍታ ሞተር ዘይት ጥላሸት ስለሚሸከም በአጭር ጊዜ ይጠቁራል፤ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ በአብዛኛው ቡናማ ሆኖ ይቆያል፣ ድኝ ድኝ የሚል ጠረንም አለው። ናፍታ ቀጭን ነው፣ ሽታውም አይደበቅም። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው የዘይት መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ናፍታ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ፓራኦልዮ በመቀየር የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ዘይቱን ስለሚያቀጥነው ኩሽኔታዎችን ይበላል።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ የሚቀረውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ዘይቱን ምን ገፋው የሚለው ነው። በፒስተኑ ፋሻዎች (ፒስተኑን የከበቡት የብረት ቀለበቶች) ዙሪያ ከማቃጠያው ክፍል ወደ ሞተሩ ሆድ የሚሾልክ ጋዝ በጤነኛ ሞተርም አለ። ይህ ጋዝ የሚወጣው በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከቴስታታው ክዳን ተነሥቶ በውስጡ የዘይት ማጣሪያ መረብ ካለው ክፍል አልፎ፣ በአንዳንዱ መኪና ወደ አየር ማስገቢያው የሚመለስ፣ በቆየው ሞዴል ደግሞ በሻንሲው ጎን ወደ ታች የሚንጠለጠል ቱቦ ነው። መተንፈሻው ሲደፈን የሞተሩ ሆድ ክዳኑ እንደ ተዘጋ የሚፈላ ድስት ይሆናል። ስሌቱን ማየት ይበቃል፦ በውስጥ 0.1 ባር ብቻ ግፊት ቢጠራቀም፣ 20 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቴስታታ ክዳን ከሥሩ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 120 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሸክም ጋር እኩል ነው። ይህ ኃይል ቀን ከሌት በየጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፤ ጋዙ ሲወጣም ዘይቱን ይዞ ይወጣል። አንድ ቦታ ሲደፈንበት በሌላው ይመጣል። «የፊቱን ስንሠራው የኋላው ጀመረ» የሚለው የሹፌሮች ምሬት አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

የመተንፈሻውን ቱቦ አውልቆ መታጠፉን፣ በውስጥ መላላጡን፣ ጫፉ በጭቃ መደፈኑን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ክረምት ላይ በኮየ ፈጬና በገላን ዙሪያ ጠጠርና አሸዋ ሲያመላልሱ የሚውሉ ገልባጮች ጫፉ ወደ ታች የተንጠለጠለውን ቱቦ በጭቃ እንደሚያሽጉት ለማወቅ ከሥር አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። መረቡ በጥቁር ዝቃጭ ከተሞላ በላምባ ታጥቦ በአየር ይነፋል፣ መለወጫ ያለው ከሆነ ይቀየራል። ይህ ሳይደረግ አንድም ፓራኦልዮ መገዛት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ግፊቱን መለካትም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሁለት ሜትር የሚሆን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ መካከሉ ወደ ታች፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ሆነው ታጥፎ በእንጨት ላይ ይታሰራል፣ ግማሹ ድረስ ቀለም ያለው ውኃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቱቦ ላይ አየር እንዳያስወጣ ሆኖ ይገጠማል፣ ሌላው ክፍት ይተዋል። ሞተሩ ሞቆ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር በሁለቱ የውኃ ዓምዶች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የሆዱን ግፊት በሴንቲ ሜትር ያሳያል። በጤነኛ ሞተር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የተፈቀደው ልክ በአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ላይ ይገኛል። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ በማስቀመጥ ወድቆ እንደሆነ ማየት የሚባለው የቆየ ዘዴ ጥርጣሬ ለመጫር ይጠቅማል፤ ሞተር ይውረድ ለሚል ውሳኔ ግን አይበቃም።

መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ግፊቱ አሁንም ከፍ ካለ ብዙዎች ወዲያው ፋሻው አልቋል ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ በፊት ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው የአየር ፍሬን ኮምፕሬሰሩ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚቀባው በሞተሩ ዘይት ነው፤ ዘይቱም ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል። የራሱ ፋሻ ካለቀ የጨመቀው አየር በዚያው መንገድ ወደ ሞተሩ ይገባል። የአየር ጋኖቹ እየሞሉ ሳለ እና ሞልተው ኮምፕሬሰሩ መጭመቁን ካቆመ በኋላ ግፊቱን መለካትና ማነጻጸር ይቻላል፤ ሲያቆም ውኃው በግልጽ ከወረደ ምክንያቱ ኮምፕሬሰሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ከአየር ጋኖቹ ሥር ያለው ማስተንፈሻ ሲከፈት ዘይት የሚተፋ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሁለተኛው ቱርቦው ነው፤ ማኅተሞቹ ካለቁ አየርና ጭስ በዘይት መመለሻው ቱቦ ወደ ሆዱ ይገፋሉ። ቱርቦው በራሱ ሳይበላሽ ዘይት የሚጥልበትም ጊዜ አለ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ በቱርቦው መግቢያ ላይ የሚፈጠረው መምጠጥ ዘይቱን በማኅተሙ በኩል ይስበዋል፤ የመመለሻው ቱቦ ከጠበበም ዘይቱ የሚሄድበት ያጣና በዘንጉ ዙሪያ ይወጣል። በከተማዋ ዳርቻ ባለው አቧራ ውስጥ ለሚሠራ መኪና የአየር ማጣሪያን ማየት ቱርቦ ከመግዛት ይቀድማል። ኮምፕሬሰሩም ቱርቦውም ነጻ ከወጡ፣ ያኔ ወደ ሲሊንደር ምርመራ መሄድ ተገቢ ነው።

ከሁሉ ውዱ ሥራ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ፓራኦልዮ ነው፤ እሱን ለማግኘት ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ይፈታሉ። ስለዚህም በስሕተት የሚፈረድበት ዕቃ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መገጣጠሚያ ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ፣ ከላይ ከቴስታታው ክዳን የኋላ ጥግ ወጥቶ በብሎኩ ጀርባ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ የካምቢዮው የፊት ፓራኦልዮም ሊሆን ይችላል። ለሲኖትራክ ይህ በተለይ ይሠራል፤ መነሻው ከኦስትሪያው ሽታየር የሆነው ደብሊውዲ615 ሞተር ለስድስቱ ሲሊንደሮች ስድስት የተለያዩ ቴስታታዎች አሉት፣ እያንዳንዱም የራሱ ክዳንና ጓርኒሲዮን አለው፤ የኋለኛው ክዳን ደግሞ ሥፍራው ለዓይን አይመችም። በእጅ መስታወትና በባትሪ መብራት ጀርባውን ሳያዩ ካምቢዮ ማውረድ የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

ወርዶ ከተገኘ በኋላም ፓራኦልዮውን አውጥቶ አዲስ መምታት ብቻውን አይበቃም። ዘንጉን የሚነካው የፓራኦልዮው ጠርዝ፣ ከንፈሩ፣ ለዓመታት ያረፈበት የዘንጉ ገጽ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ከንፈር እዚያው ቦይ ላይ ሲያርፍ አይዘጋም፤ ወይ ቀጭን የብረት ቀለበት ይለበስበታል፣ ወይም ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ፓራኦልዮው በትንሽ ልዩነት ፈቀቅ ተደርጎ ይገጠማል። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ በዳያል መለኪያ መታየት አለበት፤ ከተፈቀደው ካለፈ አዲሱ ከንፈር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቆረጣል። አገጣጠሙም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የላስቲክ ከንፈር ያለው ዘይት ተቀብቶ ይገባል፤ ነጭ ወይም ጥቁር ቴፍሎን ከንፈር ያለው ግን ደረቅ ሆኖ በደረቅ ዘንግ ላይ ይገባል፣ ዘይት ከተቀባ የመዝጋት ችሎታውን ያጣል። በመዶሻ ጥግ ጥጉን እየመቱ ማስገባት ያጣምመዋል፤ ዙሪያውን እኩል የሚገፋ ማስገቢያ ያስፈልጋል። ሲገዛም የተሠራበትን ማወቅ ይጠቅማል። ተራው የናይትራይል ላስቲክ የሚችለው ሙቀት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ቫይተን የሚባለው እስከ 200 ዲግሪ ይዘልቃል፤ ለኋላ ፓራኦልዮ የዋጋው ልዩነት ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ከማውረድ ይቀላል።

ስለ ሲሊኮን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ሲሊኮን በአምራቹ በታዘዘበት ቦታ፣ ንጹሕና ደረቅ ገጽ ላይ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ መስመር የሚቀባ መዝጊያ ነው። ብዙ ሲቀባ ትርፉ በውስጥ በኩል እንደ ትል ተንጠልጥሎ ይቀርና አንድ ቀን ተቆርጦ ወደ ዘይት መምጠጫው ወንፊት ይሄዳል። ወንፊቱ ሲደፈን የዘይት ግፊት ይወድቃል፣ ኩሽኔታ ይበላል፤ ፍሳሽ ለማቆም የተደረገው ሥራ ሞተሩን ይገድላል። በቱርቦው የዘይት መመለሻ ላይ ጨርሶ መቀባት የለበትም። ገጾቹ ሲጸዱም በድሪል ላይ በሚሽከረከር የአሸዋ ወረቀት መፋቅ የሚያስከትለው ጉዳት ተመሳሳይ ነው፤ የሚበተነው ደቃቅ ዱቄት ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎችን ይፍቃል። አሮጌው ጓርኒሲዮን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ በትዕግሥት ይነሣል፣ ክፍት ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ።

ማጥበቅን በተመለከተ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ ብሎን በብረት ለብረት ግንኙነት እንኳ የሚጠብቀው በ25 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ላስቲክ ወይም ቡሽ ጓርኒሲዮን ላይ ከዚያም ያንሳል። በረጅም ቁልፍ እስኪያንቋርር የጠበቀ ክዳን ጠርዙ በየብሎኑ ዙሪያ ይጎደጉዳል፣ በመካከሉ ይነሣል፣ በተነሣበትም ዘይት ይወጣል። ክዳኑ ቀጥ ባለ ማስመሪያ ተለክቶ ከተጣመመ ይስተካከላል፤ ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር፣ በሁለትና በሦስት ዙር፣ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ።

የቀሩት ቀላል ናቸው። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ቀለበት በየዘይት ቅያሪው ይለወጣል። አዲስ ፊልትሮ ከመገጠሙ በፊት የአሮጌው ላስቲክ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱ በጣት ይዳሰሳል፤ ሁለት ላስቲክ የተደራረበበት ፊልትሮ በግፊት ተፈንቅሎ ዘይቱን መንገድ ላይ ይዘረግፈዋል። ዘይት ከላይኛው ምልክት አልፎ መሞላትም ራሱን የቻለ የፍሳሽ ምክንያት ነው። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ ከዘይት ጋር የሚጨመረው ፈሳሽ የደረቀ ላስቲክን በማሳበጥ ለጊዜው ሊያዘገይ ይችላል፤ የተቀደደውን ወይም በግፊት የተነሣውን ግን አይመልስም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው በድጋሚ ታጥቦ የመጀመሪያው ጉዞው አጭር ይሁን። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሣው የፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና እዚያ ሲደርስ ሞተሩ በደንብ ሞቋል፤ ሹፌሩ ረዳቱን ከሥር ልኮ የተሠራውን ቦታ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያስጠርግ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላም የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ያረጋግጥ። በጥገናው ጊዜ የወረደው አሮጌ ዘይት በበርሜል ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጥ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ፤ የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ አዲስ አበባ ከምትጠጣው አንዱ ነው።